የቬልተኗ ጌርሊንደ

ጌርሊንደ ክሉምብ ቶሎ የምትጸየፍ ሰው ናት። በመንደራችን በክራመንሮት ሥጋ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ሠላሳ አራት ዓመት ቆማለች፤ እኔም አሥራ አንዱን ዓመት ከጎኗ ነበርኩ። እኛ ምንም አልሆነም ብለን ልንቆርጠው ያነሳነውን የጉበት ቋሊማ እሷ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ «አስቀምጪው» ትላለች። ባለሱቁ አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ምንም አይሸተውም። በማግስቱ ግን ያው ቋሊማ ማቀዝቀዣውን ሁሉ ያገማዋል። ሰው ሲዋሽም እንደዚያው ነበረች። አንዱ ደንበኛ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ትናንት የሸጣችሁኝ ሥጋ ተበላሽቶ ነበር» ሲል እኛ እንስቃለን ወይም እንከራከራለን፤ ጌርሊንደ እጇን በፎጣ ጠርጋ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ ሰውየው እስኪሄድ አትወጣም።

ጡረታ ስትወጣ ዛሬ የማይጻፍበትን የድሮ የእጅ ጽሕፈት ማንበብ ተማረች። ያስተማሯት ሽማግሌው ቄሳችን ናቸው። ምክንያቷን ስንጠይቃት «አያቴ የተወችው ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ አንድም ፊደል አልለይም። ቤቴ ውስጥ የማላነበው ነገር ሲኖር ያሳክከኛል» አለችን። ዛሬ ክራመንሮት ውስጥ የጥንቱን መዝገብ ያለ መነጽርና ያለ ማቋረጥ የሚያነብ ሰው እሷ ብቻ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ትቀመጣለች። ከባሕር ማዶ «አያቶቼ ከእናንተ መንደር ነው የወጡት» እያሉ የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቡን ገልጣ የምትመልስላቸው እሷ ናት።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ዘንድ ሰው መታወቂያው ላይ ባለው ስም አይጠራም። የሚጠራው በቤቱ ስም ነው። ለአንድ ቤት አማች ሆኖ የገባ ወንድ የራሱን ስም ደጃፍ ላይ ትቶ ይገባል፣ ልጆቹም የልጅ ልጆቹም በዚያው ቤት ስም ይኖራሉ። ጌርሊንደም በመታወቂያዋ ክሉምብ ትሁን እንጂ ለእኛ የቬልተኗ ጌርሊንደ ናት፤ ወንድሟ ኤዋልትም የቬልተኑ ኤዋልት ነው። አንድ ክሉምብ የሚባል ሰው በጥንት ጊዜ የቬልተንን ልጅ አግብቶ እዚያ ቤት እንደገባ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማን እንደነገረን ግን አናውቅም።

ስለዚህ አንዲት የብራዚል ሴት በጻፈች ጊዜ መንደሩ በአንድ አፍ ነው የጮኸው።

ሎረኒ ቬልተን ትባላለች፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ በደቡብ ብራዚል ላም ታልባለች። የጻፈችው አጭር ነበር። የአባቷ ቅድመ አያት አና ካታሪና ቬልተን የምትባል የክራመንሮት ሴት ናት፤ ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት አራት ልጆቿን ይዛ ብራዚል ገባች። አባቷ ሊሞት ሲል አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፦ ቤታችን የቆመበትን ቦታ ሄደሽ እይልኝ።

ቮልፍራም ዴምገን፣ የመንደራችን ከንቲባም የታሪክ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም እሱው ነው፣ ደብዳቤውን ሥጋ ቤቱ ድረስ ይዞት መጣ። «ምን መፈለግ ያስፈልጋል? ቬልተን እኮ እዚሁ ነው! የጌርሊንደ ዘመድ ናት!» አለ። የመንደሩ ሰባት መቶኛ ዓመት በዓል በነሐሴ ነው፤ ሎረኒ የክብር እንግዳ ትሁን ተባለ።

ጌርሊንደ ልጅ የላትም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ኤዋልትም በሰባ አራት ዓመቱ «ገና አልቸኮልኩም» እያለ ሚስት ሳያገባ ቀርቷል። እነዚህ ሁለት ሽማግሎች እሁድ እሁድ በስልኩ ምስል ሎረኒን ማየት ጀመሩ። ሎረኒ የምትናገረው አያቶቿ ይዘውት የሄዱትን የእኛኑ አገር አነጋገር ነው፤ እኛ የረሳናቸውን ቃላት ሁሉ እንደ ትናንት ትጠራቸዋለች። ጌርሊንደ አንድ ቀን እያለቀሰች ወደኔ መጣች። «እንደ አያቴ ነው የምትናገረው» አለችኝ። «አክስቴ አለችኝ። ሰምተሻል? እኔን፣ አክስቴ!» አዲስ አንሶላ ገዛች፣ የላይኛውን ክፍል ቀለም አስቀባች።

ከዚያ ደግሞ ስጦታ አሰበች። የሁለቱ ቤተሰብ የዘር ሐረግ የት ላይ እንደሚለያይ ፈልጋ፣ በትልቅ ወረቀት ስላ ልትሰጣት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተሰናከለው። አንድም ክሉምብ አንዲትም የቬልተን ልጅ አላገባም። መዝገቡን ወደፊት ብትገልጥ ወደኋላ ብትገልጥ የለም። ክሉምቦች ከታችኛው መንደር በ1855 ድንገት መጥተው በቬልተን ቤት ስም ልጅ ማስጠመቅ ጀምረዋል። በዚያው ዓመት ቬልተን የሚባል ሰው ከመዝገቡ ጠፍቷል፤ ሞትም የለ፣ ጋብቻም የለ።

ጌርሊንደ የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ ዘግታ የመንደሩን ሸንጎ የድሮ ቃለ ጉባኤ አስወጣች። ከዚያ በፊት ማንም ከፍቶት አያውቅም፤ ከቄሱና ከእሷ በቀር ማንም ማንበብ አይችልምና። እንዳነበበችልኝ ልንገራችሁ፦ በመንደሩ ላይ ሸክም የሆኑ ሰባት ቤተሰቦች በመንደሩ ወጪ ወደ ብራዚል ይላኩ። ተመልሰው እንዳይገቡ ቤታቸው በወጡበት ዕለት ይፍረስ። መበለት ቬልተን አልፈርምም ስላለች የደን ጠባቂው እጇን ይዞ በፊርማ ፈንታ የመስቀል ምልክት አስደርጓታል። የመበለቲቱን ቦታና የቤቱን እንጨት ዮሐን ፔተር ክሉምብ ወስዷል፤ ለአሳማ ጋጥ ይሆነዋል። ሸንጎው ሥራውን ሲፈጽም የጥጃ ጥብስና ወይን ቀርቦለታል፤ ወጪው ከድሆች መርጃ ሣጥን። ከታች ዘጠኝ ፊርማ አለ፤ አንደኛው ዴምገን፣ ሁለተኛው ክሉምብ።

«ከድሆች ሣጥን» አለችኝ ጌርሊንደ። ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ጫፍ ነበር የያዘችው፤ የገማውን ቋሊማ ስትይዝ እንደምታደርገው። «አባረሯቸው፣ ቤታቸውን አፈረሱት፣ ከዚያ ተቀምጠው በእነሱ ሣጥን ጥጃ በሉ። አንዱ የአያቴ አያት ነው። ጺሙ በስብ ርሶ ይታየኛል።»

ወደ ቮልፍራም ሄደች። ቮልፍራም በእሳት አደጋው ጋራዥ ውስጥ ለበዓሉ ሰልፍ የሚሆነውን ጋሪ ቀለም እየቀባ ነበር። ጋሪው ላይ የቲያትር ቡድናችን የድሮ ስደተኛ መስሎ፣ ቆብና ሻርፕ አድርጎ፣ እጁን እያውለበለበ ያልፋል። በጎኑ ላይ በትልቁ «ወደ ተስፋ ምድር!» ብሎ ጽፏል። ሎረኒም መሀላቸው ትቀመጣለች።

«ቮልፍራም፣ ይኼን አንብብ።»

«እኔ ይኼን ጭረት የት አውቄ? አንቺው ንገሪኝ።»

ነገረችው። ብሩሹን ጣሳው ላይ አስቀመጠና «እና?» አላት። «መቶ ሰባ ዓመት ያለፈው ነገር ነው።»

«ጋሪው ላይ የምትቀባውስ ትናንት የሆነ ነው?»

«እሱ ሌላ ነው። እሱ በዓል ነው።»

«ተስፋ ምድር ትላለህ! እጇን ጠምዝዘው ያስፈረሟት ሴት ናት እኮ!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ስሚኝ ጌርሊንደ። ሴትዮዋ ባሕር ተሻግራ የምትመጣው ደስ ሊላት ነው። ምን ልትሰጫት ነው? ቆሻሻ?»

«ቆሻሻውን እኔ አላመጣሁትም። ሸተተኝ ነው ያልኩህ።»

«አንቺን ያልሸተተሽ ምን አለ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞም አስቢበት። የእኔው አያት ፈርሞ፣ ጥብሱን በልቶ ቤቱ ገባ። ቤቷን የወሰደው የአንቺው ነው። ይኼን ስትሰማ አክስቴ ብላ የምትጠራሽ ይመስልሻል? ከበዓሉ በኋላ ንገሪያት። በደብዳቤ ይሻላል።»

ጌርሊንደ ስትነግረኝ የተጸየፈችው ቮልፍራምን ብቻ አልነበረም። «ትክክለኛ ቦታዬን ነው የወጋኝ» አለች። «ከበዓሉ በኋላ ሲለኝ እኔም ውስጤ ከበዓሉ በኋላ አለ። ያን ጊዜ የራሴ ትንፋሽ ገማኝ።» በሚቀጥለው እሁድ ሎረኒ ስትደውል አነሳች። ስለ አንሶላው ነገረቻት።

ሎረኒ ማክሰኞ ቀን ደረሰች። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ እጇ እንደ ወንድ እጅ የሻከረ ሴት ናት። ከአውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ ወደ ጌርሊንደ ግቢ ሄደች፣ የድንጋዩን አጥር በመዳፏ ዳሰሰችው።

«እዚህ ነው አይደል አክስቴ?»

«እዚህ ነው» አለች ጌርሊንደ። ይኼ ውሸት አልነበረም፤ ለዚህም ነው ይበልጥ የከበዳት።

ኤዋልት ምንም አያውቅም። የሎረኒን አገጭ ይዞ ወደ መስኮቱ ዞር እያደረገ «እዩት ይኼን አፍንጫ! የእኛው ደም ነው! አንቺ ጌርሊንደ፣ የእማዬ አፍንጫ አይደለም?» ይላል። ሎረኒ ትስቃለች፤ «ኧረ ተወኝ አጎቴ፣ ይኼ አፍንጫ ላም ረግጦት ነው እንዲህ የሆነው» ትለዋለች። ከጓሮው አፈር ቆፍራ በማርማላታ ብልቃጥ ሞላች፤ ለአባቷ መቃብር ነው። ጌርሊንደ ረቡዕም ሐሙስም አብራቸው ገበታ ቀረበች። የድንች ቂጣ ጠበሰች፣ የፖም ወጥ አቀረበች። እሷ ራሷ አንድ ጉርሻ አልወረደላትም። ኤዋልት እንደሚለው «ምግቡን ታሸተዋለች፣ ትገፋዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ትገፋዋለች።»

ዓርብ ጠዋት ቮልፍራም የሎረኒን ቆብ ይዞ መጣ፤ ለጋሪው ልብስ ነው። ነጭ፣ ዳንቴል ያለው፣ አገጭ ሥር የሚታሰር። ሎረኒ ወጥ ቤት ቆማ አሰረችው፣ እጇንም ወደ ላይ አንስታ አውለበለበች።

«እንዲህ ነው የሄደችው? እንዲህ እያደረገች?»

«ልክ እንደዚያ!» አለ ቮልፍራም።

ጌርሊንደ ወደ ማጠቢያው ሮጣ ልታስመልስ ጎነበሰች። ሆዷ ባዶ ስለነበረ ምንም አልወጣም። አፏን ጠርጋ ዞረች፤ «ቮልፍራም፣ ከቤቴ ውጣ» አለችው። ቮልፍራም አየት አደረጋትና ወጣ።

«አሞሻል አክስቴ?»

«አክስትሽ አይደለሁም። ቁጭ በይ።»

የቃለ ጉባኤውን ገጽ ከመሳቢያው አውጥታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላት። ስለ ደን ጠባቂው ስትደርስ ሎረኒ ቆቡን ፈታችው። ስለ ጥብሱ ስትደርስ «ምን በሉ አልሽ?» አለች።

«ጥጃ።»

«ድገሚልኝ።»

ጌርሊንደ ደገመችላት።

ከዚያ ሎረኒ ተነስታ «ጋጡን አሳዪኝ» አለች። ጋጡ ከግቢው ጀርባ ነው፤ ዛሬ ማገዶና የሽንኩርት ጉንጉን ይቀመጥበታል። ኤዋልት መሰላልና መፋቂያ እንዲያመጣ ታዘዘ፤ «ምን ልትፈልጉ ነው፣ ሬሳ?» እያለ አመጣ። ከበሩ በላይ ያለው ጉበን ወፍራም የድሮ እንጨት ነው፤ ኖራ በኖራ ላይ ተቀብቶ እንጨትነቱ እንኳ አይታወቅም። ኤዋልት ሲፍቀው ኖራው እንደ እከክ እየተላጠ ወደቀ። ከሥሩ የተቀረጸ ፊደል ወጣ፤ እንደማንኛውም የድሮ ቤታችን ጉበን የባልና የሚስት ስም። የተገጠመው ግን ተገልብጦ ነው። ሎረኒ አንገቷን ወደ ትከሻዋ አዘንብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፦ ዮሐን ቬልተን፣ አና ካታሪና፣ 1841።

ኤዋልት መሰላሉ ላይ እንደቆመ ፊቱ ኖራ መሰለ።

«እስከ መቼ ነበር አሳማ የነበራችሁ?» አለች ሎረኒ።

«እናታችን እስከሞተችበት ድረስ» አለች ጌርሊንደ። «በ1991።»

«ስሟ ሥር እየገቡ እየወጡ።»

«ኧረ እኛ መች አወቅን!» አለ ኤዋልት። «ኖራ ነበረበት፣ ተገልብጦም ነው ያለው...»

«የገለበጠው ሰው ያውቃል» አለች ሎረኒ። ወደ ጌርሊንደ ዞረች። «አንቺስ መቼ አወቅሽ?»

«ከመምጣትሽ አሥራ ስድስት ቀን በፊት።»

«እሁድ ደውዬልሽ ነበር።»

«ደውለሽልኝ ነበር።»

«ስለ አንሶላ ነበር ያወራሽኝ።»

«ስለ አንሶላ» አለች ጌርሊንደ።

ሎረኒ አልጮኸችም። እንዲያውም ብትጮህ ይሻል ነበር ይላል ኤዋልት። ወጥታ ከጉድጓዱ ውሃ እጇን ታጠበች፤ ደጋግማ፣ እስከ ክርኗ ድረስ። ከዚያ ሻንጣዋን አወረደች። ቆቡን ጠረጴዛው ላይ ተወችው፣ የአፈሩን ብልቃጥ ግን አነሳች። «ይኼ የእኛ ነው» አለች። ያን ሌሊት በመንገዱ ዳር ባለው የእንግዳ ማረፊያ አደረች።

ቅዳሜ ጠዋት ጌርሊንደ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ሻንጣዋን ልትይዝላት እጇን ዘረጋች፤ ሎረኒ ሻንጣውን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረችው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ። አውቶቡሱ ከታች ሲታይ ጌርሊንደ «ምን ላድርግልሽ?» አለቻት።

«ለእኔ? ምንም። እንዳትደውዪልኝ።» ሻንጣዋን ወደ መንገዱ ዳር አስጠጋችና «ሰባት ቤተሰብ ነው አላልሽም? ሌሎቹም ደስ ብሏቸው እንደሄዱ የሚያምን የልጅ ልጅ አላቸው። ፈልጊያቸው። ለእነሱ ግን ቶሎ ንገሪያቸው» አለች።

«እሺ።»

«አሥራ ስድስት ቀን አትቆዪ።»

«እሺ አልኩሽ።»

አውቶቡሱ ሄደ። ጌርሊንደ ከዚያ በቀጥታ ወደኔ መጣች፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ላጽናናት ብዬ «የነገርሻት አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይደብቃት ነበር» አልኳት። ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። «እንደዚህ ዓይነቱን ነገር አትበዪኝ» አለችኝ። «የገማ ሥጋ ሁለት ሳምንት ደብቆ በመጨረሻው የጣለ ሰው ንጹሕ ይባላል? ወረቀት አለሽ? ትልቅ፣ ነጭ።»

ገጹን ሁሉ በዛሬው ፊደል፣ በጉልህ ጽሕፈት ገለበጠችው። ላይ ላይ የሰባቱን ቤተሰብ ስም ከነልጆቻቸው፣ ከዚያ ውሳኔውን፣ የደን ጠባቂውን፣ ጥብሱን፤ ከታች ዘጠኙን ፊርማ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ መስታወት ያለው የማስታወቂያ ሣጥን አለ፤ ቁልፉ ያለው እሷ ዘንድ ነው። እሁድ ጎህ ሲቀድ ለቀጣዩ ሳምንት የተለጠፈውን የመዘምራን ልምምድ ሰዓት አንስታ ገጹን ሰቀለችበት፣ ቆለፈችው፣ አጠገቡ ቆመች።

ሰው ከጸሎት ሲወጣ ተጠጋ። እኔም ነበርኩ፣ ስለዚህ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ሁሉም ጎንበስ ብሎ ከታች ጀመረ። ከፊርማው። ጣቱን መስታወቱ ላይ እየጎተተ የገዛ ቤቱን ስም ይፈልጋል፤ ያጣ ቀና ብሎ ይተነፍሳል፣ ያገኘ ወዲያው ጎረቤቱን ይፈልጋል። «የእናንተም አለበት!» «የእኛ በአንድ ፊደል ይለያል፣ የእኛ አይደለም።» «እነ ዴምገን በሁሉም ነገር አሉበት፣ ድሮም!» አንዷ ሳቀች። ወደ ላይ የወጣ፣ የሰባቱን ስም ያየ አንድም ሰው አላየሁም። እኔም ራሴ ከታች ነው የጀመርኩት።

«የቬልተኗ፣ ይኼን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ክሉምብ ነኝ» አለች። «ሁለተኛው ፊርማ።»

ቮልፍራም የከንቲባነት ሐብሉን አንገቱ ላይ አጥልቆ ከሰልፉ ጋሪ ወርዶ መጣ። ጡሩምባ ነፊዎቹ ከኋላው ድምፃቸውን እየፈተሹ ነው። ሣጥኑን ሊከፍት ሳበው፣ አልከፈት አለ። እሱም ጎንበስ ብሎ ከታች አነበበ፤ ስሙን አገኘ። ቀና አለ።

«ደስ አለሽ አሁን?»

«ላይኛውን አንብብ» አለች ጌርሊንደ።

«መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ።»

«የታችኛውን አሁን አነበብከው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰልፉ ሊነሳ ነው፣ ሰው ሁሉ እየጠበቀኝ ነው...»

ጌርሊንደ ክንዱን ያዘችው። በኃይል አልነበረም፤ ግን አልለቀቀችውም። ወደ መስታወቱ ዞረችና ለመቶ ሰው እንዲሰማ አድርጋ፣ ልክ ሥጋ ቤት ተራ ስትጠራ በምታወጣው ድምፅ፣ ከላይ ጀመረች፦ «ቬልተን፣ አና ካታሪና፣ መበለት። ልጆቿ፦ ፔተር፣ አሥራ አንድ ዓመት። ማርጋሬታ፣ ዘጠኝ። ያኮብ፣ ሰባት። ፊሊፒና፣ ሦስት።» ቮልፍራም ክንዱን ለማላቀቅ ሞከረ። ጡሩምባው ተነፋ። ጌርሊንደ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ ሁለተኛው ቤተሰብ አለፈች።